11ኛው ሲኒ

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ በወላይታ ሶዶ ከቀረበ ንግግር)

  ዳሞታ ተራራ ዛሬ ጉሙን ገለጥ አድርጎ ተቀብሏችኋል፤ ለእኛ ለልጆቹ እንኳ ሁልጊዜ እንዲህ አያደርግም።

አዘጋጅ ኮሚቴው ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ አንድ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኛል። «ስለ ደም ግፊት እንዳታወሪ፤ ሰዉ ምሳ በልቶ ነው የሚቀመጠው» ተብያለሁ። እሺ ብያለሁ። ስለ ቡና ነው የማወራው። ግን ከወዲሁ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ወደ መጨረሻው ላይ ደም ግፊቱ ተደብቆ ይመጣል።

ከእናንተ ጋር በአንድ ግቢ ስንት ዓመት ስኖር ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ክረምት አልፎ ስንመለስ «የት ከረምሽ?» ስትሉኝ «ቤተሰብ ስረዳ» እል ነበር። ውሸት አይደለም። ሙሉውን ግን አልተናገርኩም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክረምቶች የከረምኩት እዚሁ ሶዶ፣ ከመናኸሪያው ብዙ በማይርቅ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ቡና ማሽን ላይ ቆሜ ነው። ካፌ ነው ያልኩት፤ ቡና ቤት አላልኩም። ልዩነቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እናቴም ለጎረቤት ስታስረዳ የኖረችው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ዛሬ ሥራው ባሬስታ ይባላል። ማሠልጠኛ አለው፣ የምስክር ወረቀት አለው፣ «ልምድ ያላት ባሬስታ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ይለጠፋል። ያኔ የእኔ መጠሪያ «ማሽን ላይ ያለችው ልጅ» ነበር። ለምን ደበቅኳችሁ? ነገ ዶክተር የምትባል ልጅ ማኪያቶ ስትሠራ ታየች እንዳይባል አፍሬ ነው። ዛሬ የማፍረው በሌላ ነገር ነው። እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ የሕክምና ሰው ዝርዝር ይወዳልና። ለአንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ 7 ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ይበቃል። ውሃው በ9 ባር ግፊት ተገፍቶ በ25 እና በ30 ሰከንድ መካከል መውረድ አለበት። ከዚያ ከፈጠነ ቡናው ውሃ ውሃ ይላል፤ ከዘገየ ይመራል። የሶዶ ክረምት ደግሞ እርጥብ ነው፤ ጠዋት የተስተካከለው አፈጫጨት ከሰዓት ላይሠራ ይችላል። ወተቱ ከ65 ዲግሪ ብዙ እንዲያልፍ አይፈለግም፤ ካለፈ ጣፋጭነቱ ይጠፋል። ቴርሞሜትር አልነበረንም፤ መለኪያችን ጆጉን የያዘው መዳፋችን ነበር። ኋላ ዋርድ ውስጥ የሕፃን ግንባር ስነካ እጄ ትኩሳት የሚለየው ከዚያ ነው ብላችሁ ብትስቁ አልቀየምም።

አስተናጋጇ ከካሸሯ ማርካ ትገዛለች፣ ማርካውን ለእኔ ትሰጠኛለች፣ እኔ ሲኒውን አወጣለሁ። «አንድ ጠቆር ያለ ማኪያቶ፣ ሁለት ስፕሪስ፣ አንድ ወተት!» መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ያኔ ጀበናው ይነግሣል።

የካፌው ባለቤት ጠንካራ ሴት ነበረች። እኛ እትዬ ነበር የምንላት። ትምህርቷ ብዙ አልገፋም፤ ሰው ተመላልሶ የሚመጣበትን ምክንያት ግን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ደንበኛ የምታቆይባቸው ሦስት መንገዶች ነበሯት።

አንደኛው ምርቃት ነው። ዳቦ ለሚገዛ ትንሽ ትጨምራለች፣ ሻይ ላይ ሳይጠየቅ ሁለተኛ ማንኪያ ስኳር ትመርቃለች። ሁለተኛው ትዝታ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ሲኒ ታውቃለች፤ ሾፌሩ ገና በሩ ላይ ሲደርስ «የእሱን ጥቁር አድርጊው» ትለኛለች። ሰውየው ሳይናገር ቡናው ሲቀርብለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ያየ ያውቀዋል። ሦስተኛው ዱቤ ነው። ግድግዳው ላይ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ለጥፋ፣ መሳቢያው ውስጥ ወፍራም የዱቤ ደብተር ነበራት።

ስለ ዱቤው አንድ ነገር ነግራኛለች። «ትንሽ ዱቤ ሰውን ያመጣዋል፤ ብዙ ዱቤ ሰውን መንገድ ያስቀይረዋል።» ዕዳው የበዛበት ሰው በእኛ በር አያልፍም፤ በላይኛው መንገድ ዞሮ ይሄዳል። ስለዚህ እትዬ ያንን ሰው መንገድ ላይ ስታገኘው ስለ ዕዳው አታነሳም። «ጠፋህብን፣ ቡናህ ቀዘቀዘ» ብቻ ትለዋለች። ብዙዎቹ በሳምንቱ ይመጣሉ፤ ዕዳቸውንም ቀስ በቀስ ይከፍላሉ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

በሁለተኛው ክረምት አዲስ አበባ የሚማረው ልጇ ለዕረፍት መጣና አዲስ ነገር አመጣ። ካርቶን በመቀስ ቆራርጦ፣ በማስመሪያ 10 ካሬ አሰመረበት። አንድ ማኪያቶ የጠጣ አንድ ፊርማ ያገኛል፤ 10 ፊርማ የሞላለት 11ኛው ሲኒ በነጻ ነው። እትዬ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ጣቷን እየቆጠረች አሰበች። 10 ተሽጦ 1 በነጻ ማለት ከ11ዱ የአንዱን መተው ነው፤ ወደ 9 በመቶ ቅናሽ። የሚወጣው ግን የቡናውና የወተቱ ወጪ ብቻ ነው፤ ዋጋው በሙሉ አይደለም። «ይሁን» አለች።

ፈራሚዋ እኔ ሆንኩ። ከማሽኑ ጀርባ ሆኜ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ካርዱን የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ዘና ብሎ ነው የሚመጣው። 8ኛው ላይ ሲደርስ ግን ጠዋትም ማታም ይመጣል። አንዱ መምህር 9ኛውን ጠጥቶ ሳይነሳ 10ኛውን አዘዘ።

ከዓመታት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ በጣም ሳቅኩ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት በቡና ካርድ ላይ ይህንኑ አግኝቷል፤ ሰው ወደ ነጻው ሲኒ በቀረበ ቁጥር እርምጃው ይፈጥናል። ክላርክ ሃል የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ደግሞ በ1930ዎቹ፣ አይጦች ምግቡ ጋ ሊደርሱ ሲሉ ሩጫቸው እንደሚጨምር ጽፎ ነበር። በዚያው በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት የመኪና ማጠቢያ ደንበኞችን ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ባዶ 8 ካሬ ያለው ካርድ ተሰጣቸው። ግማሾቹ 10 ካሬ ያለው፣ ግን 2ቱ አስቀድሞ የተመታበት። ሁለቱም የሚጎድላቸው 8 ነው። ባዶውን ከያዙት 19 በመቶዎቹ ሲጨርሱ፣ የተጀመረውን ከያዙት 34 በመቶዎቹ ጨረሱ። ሰው ከዜሮ መነሳት ይከብደዋል፤ የተጀመረለትን መጨረስ ግን ይወዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ከካፌው አጠገብ ከሚገኝ መጋዘን አንድ ዘበኛ ነበሩ። በዕድሜ አባቴን ይሆናሉ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠው፣ ቆዳው ጠጥሮ ነበር። ዝሆኔ ነው። በየቀኑ ጠዋት ከሌሊት ጥበቃ ሲወጡ ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ግን ውጭ፣ በሩ አጠገብ ቆመው። ማንም «ግቡ» አላላቸውም፤ እሳቸውም አልገቡም። ለእሳቸው የተለየች ሲኒ ነበረች፣ ጠርዟ የተሸረፈች። ታጥባ ከሌሎቹ ጋር አትደረደርም፤ ከታች ለብቻዋ ትቀመጣለች። ያቺን ሲኒ አጥቤ ለብቻዋ የማስቀምጠው እኔ ነበርኩ። የሚከፍሉት ግን ከሁሉም ሰው እኩል ነበር።

ካርዱ ሲመጣ እሳቸውም ወሰዱ። አንድም ቀን ሳይዘሉ ሞሉት። 10ኛውን ፊርማ ስፈርም በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ኮት ለብሰው መጡ። በሩ ላይ አልቆሙም። ገቡ፣ ጥግ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጡ፣ ካርዱን ፊታቸው አኖሩ። እንግዳ ሆነው፣ እንደ ሰው።

አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሰዎች ሲኒያቸውን ትተው ተነሱ። ሌላው ፊቱን አዞረ። ካሸሯ እኔን አየችኝ። እትዬ ገበያ ሄዳ ነበር። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ያደረግሁት የራሴ ነው። ሄጄ ጎንበስ አልኩና «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል» አልኳቸው።

ከኋላዬ ማሽኑ እንፋሎት እያፏጨ ነበር።

እሳቸው ማሽኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እሺ ልጄ፤ ሲሠራ እመጣለሁ» አሉ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእኛ በር አልፈው አያውቁም። በላይኛው መንገድ ዞረው ይሄዱ ነበር፤ ያለ አንድ ሳንቲም ዕዳ። ባለዕዳዋ እኔ ነበርኩ።

እትዬ ስትመለስ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ቢያንስ እውነቱን ብትነግሪያቸው ይሻል ነበር» አለች። ከዚያ ቆየት ብላ «እኔም እውነቱን ነግሬያቸው አላውቅም» አለች። ያቺን የተሸረፈች ሲኒ አነሳችና ጣለቻት። በጣም ዘግይቶ ነበር።

እዚህ ያላችሁ ሐኪሞች ቀጥሎ የምለውን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ግን ስሙኝ፣ ምክንያቱም ይህ የወላይታ ጉዳይ ነው። በደጋው አካባቢያችን የምናየው ዝሆኔ በአብዛኛው በትንኝ የሚመጣው አይደለም። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል፤ ስሙ በግሪክኛ እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የመጣ ነው። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እዚሁ ኢትዮጵያ ሲሠራ ነው ከአፈር ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳየው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በባዶ እግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቱቦዎችን ይጎዳሉ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣና በደቡብ ኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት፣ አንዳንድ ቤተሰቦች በዘር ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ለዚህ ነው በአንድ ቤት የሚደጋገመው። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። በሲኒ አይተላለፍም፤ በመጨባበጥ አይተላለፍም፤ በአንድ ጠረጴዛ በመቀመጥ አይተላለፍም። ከ20 ዓመት በላይ በሆነው አንድ የወላይታ ጥናት ከ100 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም ነበረባቸው። ስለዚህ ከመካከላችን ዘመድ የሌለው ብዙ አይደለም፤ የሚደብቅ ነው ብዙው።

የሚያስፈልገውም ውድ ነገር አይደለም። እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ ማድረቅ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ሙከራ፣ ይህ ቀላል እንክብካቤ ሰውን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሕመም ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። ችግሩ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል መሆኑ ነው። ሰውየው ተመላልሶ መምጣት አለበት።

ይህን የተማርኩት ከእናንተ ጋር ነው፤ እዚያው ክፍል ውስጥ። መምህራችን ስላይዱን ሲያሳዩ ማስታወሻ ስትጽፉ እኔ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አስታውሳለሁ፤ አንዷ ጓደኛዬ «ምነው አመመሽ?» ብላኝ ነበር። ዛሬ ነው የምመልስልሽ።

በቀጣዩ ክረምት መጋዘኑን ጠየቅሁ። ዘበኛው ተቀይረዋል፤ ወደ ገጠራቸው ተመልሰዋል አሉኝ። የየት ገጠር እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ስማቸውን እንኳ በትክክል አልጠየቅናቸውም ነበር። የሁሉንም ደንበኛ ሲኒ የምናውቅ ሰዎች የእሳቸውን ስም አናውቅም።

ደንበኛ የሚለውን ቃል አስቡት። ገዢ ማለት ነው። «ደንበኛ ሰው» ስንል ደግሞ ትክክለኛ፣ ሙሉ፣ የተሟላ ሰው ማለታችን ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለን በየሱቁ እንለጥፋለን። እሳቸው 10 ጊዜ ከፍለዋል። ደንበኛ ያልሆኑት እኛ ነን።

እንግዲህ ደም ግፊቱ መጣ፤ ቃል የገባሁትን ላፈርስ ነው።

ሐኪም ከሆንኩ በኋላ አንዲት እናት በደም ግፊት ትከታተለኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አሳለፈች። በሦስተኛው ስትመጣ በሰው ፊት ተቆጣኋት። «መድኃኒት ቀልድ ነው?» አልኩ። ከዚያ ቀረች። ከዓመት በኋላ ግማሽ አካሏ አልንቀሳቀስ ብሎ በቃሬዛ መጣች። ልጇን «ለምን አመጣችኋት አልነበረም?» ብዬ ስጠይቅ «ዶክተሯ ትቆጣኛለች እያለች ቀረች» አለችኝ።

በላይኛው መንገድ ዞራ ነበር የምትሄደው። እትዬ ያስተማረችኝን ትምህርት ነጭ ጋውን ስለብስ ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለውጫለሁ። ጥናት አልሠራሁበትም፤ ቁጥር አልነግራችሁም። ተመልሰው የሚመጡ አሉ፤ አሁንም የሚቀሩ አሉ። ግን ከሰኞ ጀምሮ በነጻ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር ስለሆነ ነው የምነግራችሁ።

አንደኛ፣ ለሥር የሰደደ ሕመም ለሚከታተሉኝ ሁሉ የቀጠሮ ካርድ ላይ ካሬ አሰምራለሁ፤ የመጀመሪያውንም ካሬ በመጣበት በዚያው ቀን፣ ፊቱ፣ እፈርምበታለሁ። «አንዱን ጨርሰዋል» እላለሁ። ከዜሮ አይነሳም።

ሁለተኛ፣ የቀረ ሰው ሲመለስ «የት ነበሩ?» አልልም። «እንኳን መጡ፤ ጠፉብን» እላለሁ። ስልክ ካለው በቀረበት ሳምንት ይደወልለታል። ዕዳውን አናነሳም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቡናው እጠይቃለሁ። «ጨው ይቀንሱ» ስንል ሰው የሚያስበው ወጡን ነው። እዚህ እኛ ጋ ግን የቡና ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ሲፈላ ጨው ይገባበታል፤ ገጠር ቤት የፍሬውም ቡና በጨው ይጠጣል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ከሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ላይ ስንቱ በቡና እንደሚያልቅ አስቡት። ቡናውን ተዉ አልላቸውም፤ ብል ማን ይሰማኛል? ጨውዋን ብቻ እንለያያት እላለሁ።

ጓደኞቼ፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን ካርድ ሳይኖራቸው ሰውን የሚመልሱበት ዘዴ ነበራቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አንዱን የጠጣ ሁለተኛውን ይጠብቃል፤ በረካው ሳይወጣ የሚነሳ ሰው ይያዛል። ማንም ፊርማ አይፈርምም። የሚሠራው ግን አንድ ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፤ ሲኒው ለሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን።

የእኔ 11ኛ ሲኒ እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ለማን እንደምከፍለው ስለማላውቅ፣ በሬ ላይ ጫማውን ደብቆ፣ ነጠላውን እግሩ ላይ ጥሎ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ እከፍላለሁ። እናንተም በየምትሠሩበት ቦታ፣ ሐኪምም ሁኑ መሐንዲስ፣ የባንክ ሰውም ሁኑ መምህር፣ ለብቻዋ የምትቀመጥ አንዲት ሲኒ እንዳለች እዩ። ካለች የሚያጥባት ማን እንደሆነ ጠይቁ።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁም። ውጭ ቡናው ተቆልቶ ሽታው ገብቷል፤ አቦሉ እንዳያልፋችሁ። ማሽንም አለ አሉ። ባሬስታዋ ወጣት ልጅ ናት፣ ቅድም ሳያት እጇ ጥሩ ነው። ስሟን ጠይቋት።